በክረምቱ የልጆቻችንን እጅ ላፍታታችልን መምህርት

የጀሞና የአካባቢው ወላጆች፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረሳችሁ። ልጻፍ ልጻፍ ስል የሰነበትኩትን ምስጋና ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ። ምስጋናው ሐምሌንና ነሐሴን ሙሉ በኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል (የጋራ መጠቀሚያ ቤት) ትንንሾቹን የእጅ ሥራ ላስተማረችልን መምህርት ነው። ስሟ በአደባባይ እንዲጻፍ ስለማትፈልግ፣ እኔም ልጆቹ እንደሚጠሯት «ቲቸር» እላታለሁ።

ክረምት ከትንሽ ልጅ ጋር እንዴት እንደሚያልፍ ለወላጅ አይነገርም። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ውጭው ዝናብ ነው። የአራትና የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ቁጭ በል ስላሉት አይቀመጥም። ሥራ ውለን ስንመለስ ልጆቹን የምናገኛቸው ጠዋት የተውናቸው ቦታ፣ ቴሌቪዥን ፊት ነው። አምና ልጄን አንድ የክረምት ፕሮግራም አስገብቻት ነበር። የእጅ ሥራ የተባለው ታትሞ የመጣ ሥዕል ቀለም መቀባት ሆነ። ወደ ቤት የሚላከው ሥራ ንጹህና የተስተካከለ፣ የሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት ነበር። የአዋቂ እጅ እንደገባበት ያስታውቃል።

ቲቸር ጋ እንዲህ ያለ ነገር የለም። የልጅ ሥራ አትነካም። ልጁ ሲቸገር አጠገቡ ቁጢጥ ትላለች፣ እጆቿን ወደ ኋላ ታደርጋለች፣ «እስቲ ምን ልናደርግ አሰብን?» ትላለች። ከዚያ ትጠብቃለች። ይህ መጠበቅ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የአምስት ዓመት ልጅ ቋጠሮ ለመቋጠር ስትታገል እያየ ዝም የሚል አዋቂ በጣም ጥቂት ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ቶሎ ወጥቼ ጥግ ይዤ አየኋቸው። የጭቃ ቀን ነበር። አንዲት ልጅ ላም ሠርታለች፣ ቀንዱ ግን እየወደቀ አስቸግሯታል። ስትለጥፈው ይወድቃል፣ ደግማ ስትለጥፈው ይወድቃል። ልታለቅስ ደርሳለች። ቲቸር የልጅቷን ላም አልነካችም። ከራሷ ጭቃ ሁለት ቁራጭ ቆረሰችና ሁለቱንም በክብሪት እንጨት ጫረቻቸው። የተጫረውን ቦታ በቀጭን የጭቃ ውሃ አረጠበች፣ ከዚያ ገጥማ ጫን አደረገቻቸው። ልጅቷ አየች፣ እሷም ጫረች፣ አረጠበች፣ ገጠመች። ቀንዱ ያዘ። ጠማማ ነው፣ ግን ያዘ። «የኔ ላም ወደ ጎን ነው የምትዋጋው» አለች፣ ፊቷ በርቶ።

ጭቃው ራሱ እንዲሁ ከደጅ የተዛቀ አይደለም። ቲቸር አስቀድማ አፈሩን ትነፋለች፣ ጠጠርና የጠርሙስ ስባሪ ትለቅማለች፣ ዘፍዝፋ በደንብ ታቦካለች። ደቀቅ ያለ ጭድም ጣል ታደርግበታለች። የጭቃ ቤት ሲመረግ ጭድ የሚጨመርበት ምክንያት እዚህም ይሠራል፤ ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ነው። የተሠራው ሁሉ ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ይደርቃል። ክረምት ለዚህ ይመቻል፤ በፀሐይ በአንድ ጊዜ የደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃልና። በእሳት ያልተተኮሰ ስለሆነ ግን ውሃ ካገኘው ይፈርሳል። አንድ ልጅ ጀበናውን መስኮት ላይ ረስቶት ዝናብ አገኘው። ሲያለቅስ «ጭቃህ የትም አልሄደም፣ ይኸው» ብላ የሟሟውን ሰብስባ ሰጠችው። በማግስቱ ምጣድ አደረገው።

ስፌት ለዚህ ዕድሜ እንዴት ይሆናል ለምትሉ፣ እሷ መላ አበጅታለታለች። እናቷ መሶብ ሰፊ ናቸው፣ ሙያውን ከሳቸው ነው ያገኘችው። መሶብ ሲሰፋ ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው አክርማ ነው። በላዩ የሚጠመጠመው ስንደዶ ነው፣ ቀለም ሲነከር አለላ የምንለው። አለላው በትንሽ እጅ ይሰባበራል፣ ወስፌው ደግሞ ዓይን ያወጣል። ስለዚህ ወስፌውን ጫፉ በደነዘ የላስቲክ መርፌ፣ አለላውን በሱፍ ክር ተካችው። አክርማውን ግን አልለወጠችም። ልጆቹ እሱን በእጃቸው ጨብጠው፣ ሽታውን እያሸተቱ፣ ክሩን እየጠመጠሙ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ያዞሩታል። የልጄ ሥራ የስኒ ማስቀመጫ ለመሆን ተጀምሮ የአሻንጉሊት ባርኔጣ ሆኗል። አሁን ዕቃ መደርደሪያችን ላይ ነው።

ጥንቃቄዋን ሳልናገር አላልፍም። ከሦስት ዓመት በታች የሆነ ታናሽ ወንድም ወይም እህት አብሮ ከመጣ፣ ዶቃና የልብስ ቁልፍ ከጠረጴዛው ይነሳል። ትንሽ ነገር ጉሮሮ ላይ ይቀራል። መቀሶቹ ሁሉ ጫፋቸው ክብ ነው። ቆርኪ ለመኪና ጎማ ሲፈለግ በሚስማር የምትበሳው ራሷ ናት፣ ስለቱንም መትታ ታስተኛዋለች። ልጆቹ ቅርጽ የሚሠሩበት ሊጥም አለ። አሠራሩን የጠየቃችሁኝ ስላላችሁ፦ 2 ኩባያ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ ውሃ ነው። ለቢጫ እርድ፣ ለሮዝ የቀይ ስር ውሃ ታደርግበታለች። ጨዉ ብዙ ስለሆነ ልጆች እንዳይበሉት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በሊጥ ቀን ከጠረጴዛው ዞር አትልም።

ቡሄ ሲቃረብ ደግሞ ጅራፍ ሆነ። ቃጫ ለትልልቆቹ ነው፣ የትንሽ ልጅ መዳፍ ይፍቃል። ለትንንሾቹ አሮጌ ጨርቅ በሦስት ቀለም ቀድዳ ከወንበር ጀርባ አሰረችላቸው። ጉንጎኑን ያስተማረችው በዜማ ነው፦ ቀዩ መሃል፣ ቢጫው መሃል፣ አረንጓዴው መሃል። ልጄ ይህን እያለች ነው አሁን የአሻንጉሊቷን ፀጉር የምትሠራው። ቡሄን የማያከብሩ ጎረቤቶቻችን ልጆች ያንኑ ጉንጉን አስረዝመው የመዝለያ ገመድ አደረጉት። በቡሄ ማታ ግቢው በጅራፍ ጩኸት ሲናጋ፣ በማግስቱ ደግሞ ሁሉም በገመዱ ተራ ሲጠብቁ ነበር።

ጳጉሜን የእንቁጣጣሽ ሥዕል ነው። ታትሞ የሚሸጠውን አልፈለገችም። ለእያንዳንዱ ባዶ ወረቀት ሰጠች። ልጄ አደይ አበባ ሣለችና እግር አወጣችለት። ሌላ ሰው ቢሆን አበባ እግር የለውም ይላት ነበር። ቲቸር «ወዴት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀቻት። «አያቴ ጋ» አለች ልጄ። አያቷም በመስከረም 1 ጠዋት ሥዕሉን ተቀብለው፣ መርቀው፣ ብሩን ሰጥተዋል። ልጄ በብሩ ምን እንደገዛች አትጠይቁኝ፣ ከረሜላ ነው።

በእነዚህ ሁለት ወራት ልጄ ላይ ያየሁት ለውጥ አለ። የልብሷን ቁልፍ ራሷ ትቆልፋለች። እርሳስ አያያዟ ተስተካክሏል። የመዋዕለ ሕፃናት መምህርቷም ትምህርት እንደተጀመረ ይህን አይታ ነገረችኝ። ከሁሉ በላይ ደስ ያለኝ ግን አንድ ነገር ሲበላሽባት እንደ ድሮው ወርውራ አትሄድም። ትንሽ ታየዋለች፣ ከዚያ «እስቲ ምን ልናደርግ አሰብን?» ትላለች፣ በቲቸር ድምፅ።

ልጃችሁን ለማስገባት ለምታስቡ፦ ቲቸር ከትምህርት መክፈቻ በኋላም ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ኮሚናል ትቀጥላለች። ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ትቀበላለች። ብዙ ልጅ በአንድ ጊዜ አትይዝም፣ ስለዚህ ቦታ ቶሎ ይሞላል። ክፍያዋ አይከብድም፣ ወንድምና እህት አብረው ከመጡ ትቀንሳለች። የቁሳቁስ እያለች ሌላ ብር አትጠይቅም። የምትጠይቀው ካርቶን፣ የእንቁላል መያዣ፣ የላስቲክ ክዳንና አሮጌ ጨርቅ እንዳትጥሉ ነው። ልጁን አሮጌ ልብስ አልብሱት፤ ንጹህ ሆኖ አይመለስም። ሰዓት ታከብራለች፣ እኛም እንድናከብር ትፈልጋለች።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለች። ልጆቻችሁ ክረምቱን እሷ ጋ ያሳለፉላችሁ ወላጆችም ያያችሁትን ከሥር ጻፉላት፣ ታነበዋለች። ቲቸር፣ ልጆቻችንን በትዕግሥት ስለያዝሽልን እናመሰግናለን። እጅሽ ይባረክ፣ እናትሽንም ዕድሜና ጤና ይስጥልን።