ዲኤክሴን ላሻሻጠኝ የሸዋ በር መካኒክ ምስጋናዬ ይድረሰው

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ጋራዥ ያለው አንድ መካኒክ አለ። «ስሜ አደባባይ አይውጣ» ስላለኝ እዚህ አልጽፈውም፤ አሮጌ መኪና ልትሸጡ ወይም ልትገዙ ያሰባችሁ የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች በውስጥ መስመር ብትጠይቁኝ አድራሻውን እሰጣችኋለሁ። ምስጋናው ግን በሹክሹክታ የሚሆን አይደለም።

መኪናዬ 1983 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ነበረች፤ ባለ ፎር ኬ ሞተር፣ ባለ ካርቡሬተር። ዘይቷ በወቅቱ ሲቀየር ኖሯል፤ ጉልበቴ ፍሪሲዮን መርገጥ እምቢ ባይል ኖሮ አልሸጣትም ነበር። አሮጌ ናት ብሎ የሚንቃት ካለ ገበያውን ይጠይቅ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ከጣለ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእንክብካቤ የተያዘች ዲኤክስ ፈላጊዋ ብዙ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ደላላ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት ምክሩን አዥጎደጎደው። ኪሎ ሜትሩ ይቀነስ፣ ከስር ያለው ዝገት በስቱኮ ይደፈንና ቀለም ይቀባ፣ ሞተሩም ታጥቦ ያብለጭልጭ። ለዚህ ሁሉ ብልሃት ደግሞ ከእኔም ከገዢውም ኮሚሽን ሊቀበል ነው። ቡና አጠጥቼ ሸኘሁት።

መካኒኩ ዘንድ ስሄድ የሰማሁት የዚህን ተቃራኒ ነው። «እትዬ፣ ሞተሩን እንዳያሳጥቡ» አለኝ። «የታጠበ ሞተር ያየ ገዢ የሚያፈስ ዘይት አለ ብሎ ይጠረጥራል። ሲመጣም አስቀድመው እንዳያስነሱለት። ኮፈኑን በእጁ ዳስሶ ቀዝቃዛ መሆኑን ይይ፤ ከዚያ ራሱ ያስነሳው።» የደሴን ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ዓይነት ፈተና እንደሆነ ይገባዋል።

ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥቶ የአራቱንም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (የጭመቃ ግፊት) ለካና ውጤቱን ደብተር ላይ ጻፈ። በሾፌሩ እግር ስር ያለውን ምንጣፍ ገልጦ ወለሉን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ወጋ አደረገው፤ መዳፍ የሚያህል ዝገት ተገኘ። እሱንም እዚያው ገጽ ላይ ጻፈው። ሦስተኛ ማርሽ ሲቀነስ የሚሰማውን ድምፅ፣ የኋላውን መስኮት ማዞሪያ መክበድ፣ ሁሉንም። «ይህን ሁሉ ጽፈን ማን ይገዛናል?» ብዬ ተቆጣሁ። «የማይገዛው አሁኑኑ ይሂድ፤ የሚገዛው ነገ ተመልሶ አይጣላዎትም» አለኝና ዝም ብሎ መጻፉን ቀጠለ።

በእጅጉ የወደድኩለት ግን የሐረጎ ቁልቁለት ነገር ነው። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ሲወርዱ ፍሬንን፣ ሲወጡ ራዲያተርን ይፈትናል። አብረን ወረድን። በማርሽ እየያዘ፣ ፍሬን ሲያስፈልግ ብቻ እየረገጠ ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ዳር ይዞ አቆመና ወርዶ አራቱንም ጎማዎች ዞራቸው። በየቸርኬው አጠገብ የእጁን ጀርባ ጠጋ እያደረገ ሙቀቱን ያዳምጣል። የግራው የኋላ ጎማ ዘንድ ሲደርስ እጁን ሰብሰብ አደረገ። ከሌሎቹ ተለይቶ ይፋጃል፤ ፍሬኑ ይዞ አይለቅም ማለት ነው። ተመልሰን ዳገቱን ስንወጣ የሙቀት መለኪያዋ ከመካከል ንቅንቅ አላለችም። ጋራዥ ገብቶ ታምቡሩን ሲፈታ የፍሬኑ ፒስተን ዝጎ ተጣብቆ ነበር። ቀየረው። እኔ ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ ገዢውም አይሰማውም ነበር፣ አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ ካልሆነ በቀር።

ገዢው የኮምቦልቻ ሰው ሆኖ ተገኘ። ደብተሩን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ዝገቱን ራሱ አየ፣ በዋጋው ላይ ጥቂት ተከራከረና ተስማማን። መካኒኩ ለእሱም አንድ ምክር ሰጠው፦ ካርቡሬተሩ ለደሴ ስስ አየር የተስተካከለ ስለሆነ፣ አየሩ ወፍራም ወደ ሆነበት ቆላ ሲወርድ ቤንዚኑ እንዳያንሰው እንደገና ያስተካክለው። ሰውየው ደስ ብሎት ገንዘብ ሲዘረጋለት «እኔ የሠራሁት ለእሳቸው ነው፣ ሂሳቤንም ከእሳቸው ተቀብያለሁ» ብሎ መለሰለት። ደላላው ይህን ቢያይ ይታመም ነበር።

መካኒኩ ውሉ ላይም አልተለየኝም። ገዢው «ለጊዜው ውክልና ይስጡኝና ስሙን ቀስ ብዬ አዞራለሁ» ሲል፣ ዞር አድርጎ «ስሙ ሳይዞር ቁልፉ አይውጣ» አለኝ። ሕግ የሚያውቅ ዘመዴን ብጠይቀው እውነት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን፣ ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ሊብሬው በስማችሁ እስካለ ድረስ ሌላው ያጋጨው ጣጣ እናንተን ፍለጋ ይመጣል። ስለዚህ ቦሎዋና የሦስተኛ ወገን መድኗ ታድሶ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሯ ከሊብሬው ጋር ተመሳክሮ፣ ባለቤቴም አብሮኝ ፈርሞ ውሉ ጸደቀ። ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ መግባቱን ባንኩ ውስጥ ቆመን አረጋገጥን፤ ስሙ ሲዞር ቁልፉን አስረከብኩ። ወረፋውን ባላነሳው ይሻላል።

ፈጣሪ እጁን ይባርክለት፣ ልጆቹን ያሳድግለት። ለምትሄዱ ሰዎች ግን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ጋራዡ ጠባብ ነው፣ ወረፋ አለ፣ እሱም ሲሠራ ብዙ አይናገርም። ዓርብ ለጁምዓ ይዘጋልና ጠዋት ሂዱ። ዋጋውን ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ስለሚናገር ክርክር አያስፈልግም። ሊብሬያችሁንና የጥገና ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ደብተር ከሌላችሁ እዚያው አንድ አዲስ ይከፍትላችኋል።