ኦስፖስ፦ ከካንቤራ የሚሰጠው ነፃ የጂፒኤስ ስሌት አገልግሎት ለኢትዮጵያ ቀያሾች ምን ያህል ይበጃል?

በአውስትራሊያ መንግሥት ሥር የሚሠራው ጂኦሳይንስ አውስትራሊያ «ኦስፖስ» የተባለ የኢንተርኔት አገልግሎት ይሰጣል። ቀያሹ በአንድ ነጥብ ላይ ጂፒኤስ ተክሎ ለሰዓታት የሰበሰበውን ጥሬ መረጃ ሲልክ፣ አገልግሎቱ ስሌቱን ሠርቶ የነጥቡን ኬክሮስ፣ ኬንትሮስና ከፍታ በሴንቲ ሜትር ደረጃ አውጥቶ በኢሜይል ይመልስለታል። ገንዘብ አያስከፍልም፤ ምዝገባ አይጠይቅም፤ ነጥቡም አውስትራሊያ ውስጥ እንዲሆን አያስገድድም። ለመንገድ፣ ለግድብ ወይም ለመስኖ ጥናት ወደ ገጠር የወጣ ባለሙያ በአካባቢው ብሔራዊ ኮንትሮል ፖይንት (ቦታው በትክክል ተለክቶ በመሬት ላይ ምልክት የተደረገበት ነጥብ) ሲያጣ ወይም ምልክቱ ተነቅሎ ሲያገኘው፣ ከዚህ የተሻለ አማራጭ በቀላሉ አያገኝም። ሆኖም አገልግሎቱ እስከ የት እንደሚያደርስና ከየት ጀምሮ ሥራውን ለቀያሹ እንደሚተው አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። መሣሪያው ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚቀበልና ሳይነቃነቅ የቆመ መሆን አለበት፤ በእጅ ጂፒኤስ የተሰበሰበ መረጃ አያገለግልም። መረጃው የተለያዩ ሶፍትዌሮች ወደሚያነቡት ራይኔክስ የተባለ ቅርጸት ተለውጦ ይጫናል፤ የአንቴናው ዓይነት ከዝርዝር ይመረጣል፤ ቁመቱና የኢሜይል አድራሻው ይሞላል። ዝቅተኛው የልኬት ጊዜ 1 ሰዓት ሲሆን አገልግሎቱ ራሱ የሚመክረው 2 ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። እኔ ለኢትዮጵያ 2 ሰዓቱንም አልመክርም፤ 6 ሰዓት ይሻላል። ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የአንቴናው ቁመት ነው፤ መሞላት ያለበት ከመሬቱ ምልክት እስከ አንቴናው ማመሳከሪያ ነጥብ ድረስ ቀጥ ብሎ የተለካው ቁመት እንጂ በትሪፖዱ ጎን በሰያፍ የተለካው አይደለም። ሰያፉን የሞላ ሰው ስሕተቱን ካንቤራ ያለው ኮምፒውተር አያርምለትም።

የሚመለሰው ሪፖርት በፒዲኤፍ የተዘጋጀና ሥርዓት ያለው ነው። ስሌቱ የተመሠረተባቸውን፣ ቦታቸው በትክክል የታወቀ ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያዎች በካርታ ያሳያል፤ የእያንዳንዱን ውጤት የጥርጣሬ መጠን በ95 በመቶ የመተማመኛ ደረጃ ይሰጣል፤ ከሳተላይት እስከ መሣሪያ ያሉት የሲግናሉ ሙሉ ሞገዶች ቁጥር፣ ነጥቡንና ጣቢያዎቹን በሚያገናኘው በየመስመሩ በስንት በመቶ እንደተፈታም ያመለክታል። ይህ የመጨረሻው ቁጥር ከ50 በመቶ በታች ከሆነ ልኬቱን መድገም ይገባል። የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ብቻ ገልብጦ ሪፖርቱን መዝጋት ግን፣ በተለይ ሥራ ሲጣደፍ፣ የተለመደ ነው።

አገልግሎቱን ከሌሎች ነፃ ነገሮች የሚለየው ከጀርባው ያለው ትብብር ነው። ስሌቱ የሚሠራበትን ሶፍትዌር ያዘጋጀው የስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ነው። የሳተላይቶቹ ምሕዋርና የማመሳከሪያ ጣቢያዎቹ መረጃ በብዛት የሚገኙት በምሕጻረ ቃል አይጂኤስ ከሚባለው ዓለም አቀፍ አገልግሎት ሲሆን፣ ይህም በዓለም አቀፉ የጂኦዴሲ (የምድርን ቅርጽና መጠን የመለካት ሳይንስ) ማኅበር ሥር እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ይሠራል። ከ100 በሚበልጡ አገሮች የሚገኙ ከ200 በላይ ተቋማት የተሰበሰቡበት ቢሆንም ደመወዝ የሚከፍላቸው ማዕከል የላቸውም፤ እያንዳንዱ ተቋም ጣቢያውን የሚጠብቀውና ስሌቱን የሚሠራው በራሱ በጀት ነው። በርን፣ ፖትስዳም፣ ዳርምሽታት፣ ካሊፎርኒያ፣ ኦታዋና ሌሎችም ያሉ የስሌት ማዕከላት ያንኑ የሳተላይት ምሕዋር ለየብቻቸው ያሰላሉ፤ ውጤታቸው ተመዝኖ ይዋሐዳል፤ ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር ያወጣ ማዕከል ወዲያው ይታወቃል። የመጨረሻው ምሕዋር ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትክክል የሚሆነው በዚህ አሠራር ነው። በመሠረቱ በጂኦዴሲ የዚህ ዓይነት ማኅበር አዲስ አይደለም፤ የዛሬው ማኅበር መነሻ እ.ኤ.አ. በ1862 በፕሩሲያዊው ጄኔራል ዮሐን ያኮብ ባየር አነሳሽነት የተጀመረው የመካከለኛው አውሮፓ የምድር ልኬት ትብብር ነው። ወሰን ለማስፋት የሚዋጉት መንግሥታት የምድርን ቅርጽ ለመለካት ሲሉ የየግዛታቸውን የቅየሳ ሦስት ማዕዘኖች አገናኝተው ነበር።

ኢትዮጵያ በዚህ ሥራ ተቀባይ ብቻ አይደለችም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1957 እና 1958 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ የተመሠረተ ሲሆን፣ አራት ኪሎ ባለው ግቢ ያለው ጣቢያ ዛሬ «አዲስ» በሚል መለያ በአይጂኤስ መረብ ውስጥ ይገኛል። ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የተለካ ነጥብ ሪፖርት ላይ ይህ ስም ከቅርብ ጣቢያዎች ተርታ ሲገኝ ውጤቱ ያማረ ይሆናል። የዚያ ቀን የ«አዲስ» መረጃ ከሌለ ግን የሚቀሩት ጅቡቲ፣ የኬንያዋ ማሊንዲ፣ የኡጋንዳዋ ምባራራ፣ የኦማኗ ይባልና ደቡብ እስራኤል ያለችው ሚጽፔ ራሞን ናቸው። ጅቡቲ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ማሊንዲ ደግሞ 1,350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃሉ። ለጋምቤላ ወይም ለመተከል ሥራ በዚህ ርቀት መተማመን የሚቻለው ልኬቱ ረጅም ከሆነ ብቻ ነው። ሌሎች የኢትዮጵያ ጣቢያዎችም መረጃቸውን በየቀኑ ወደዚህ ክፍት መረብ ቢያስገቡ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠቀመው የራሳችን ቀያሽ ነው።

ረጅም ልኬት የምመክርበት ሁለተኛ ምክንያት ሰማያችን ነው። የመግነጢስ ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ስለሆነ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በአዮኖስፌር (ኤሌክትሪክ ባዘሉ ቅንጣቶች በተሞላው የላይኛው ከባቢ አየር) ውስጥ የሚፈጠረው መናወጥ በመስከረምና በመጋቢት አካባቢ ይበረታል፤ የፀሐይ እንቅስቃሴ በሚያይልባቸው ዓመታት ደግሞ ይብሳል። በዚያን ሰዓት መሣሪያው ሲግናሉን እየለቀቀ ይይዛል፤ ውጤቱም በሪፖርቱ ላይ በዝቅተኛ የመቶኛ ቁጥር ይታያል። ልኬቱን በማለዳ ጀምሮ ከምሽት በፊት መጨረስ ይመረጣል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልግባ። ኦስፖስ ከአውስትራሊያ ውጪ ላለ ነጥብ የሚሰጠው ቁጥር በዓለም አቀፉ የምድር ማመሳከሪያ ማዕቀፍ፣ በአይቲአርኤፍ፣ ልኬቱ በተካሄደበት ቀን የሚገኝ ቦታ ነው። ይህን ማዕቀፍ የሚያዘጋጀው የፈረንሳይ የጂኦግራፊ ተቋም ሲሆን፣ ጂኤንኤስኤስን (ጂፒኤስንና መሰሎቹን የሳተላይት ሥርዓቶች)፣ ወደ ሳተላይት የሚላክ ሌዘርን፣ ከሩቅ ጋላክሲዎች የሚመጣ የሬዲዮ ሞገድ ልኬትንና ዶሪስ የተባለውን የፈረንሳይ ሥርዓት ያጣምራል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በየካቲት 2015 እ.ኤ.አ. ባሳለፈው ውሳኔ አገሮች ማዕቀፉን በትብብር እንዲጠብቁ ጠይቋል። ይሁን እንጂ በዚህ ማዕቀፍ ሲታይ የአዲስ አበባ መሬት በየዓመቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ዛሬ የተለካ ነጥብ ከ10 ዓመት በኋላ ሲለካ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዛውሮ ይገኛል፤ የተበላሸ ልኬት ግን የለም። ከስምጥ ሸለቆው ምሥራቅ ያለው የሶማሊያ የመሬት ቅርፊት ሰሌዳ ደግሞ ከምዕራቡ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር እየራቀ ነው። አፋር ላይማ ጉዳዩ ከሚሊ ሜትር አልፏል፤ በመስከረም 2005 እ.ኤ.አ. በዳባሁ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ስንጥቅ በማግማ ተሞልቶ መሬቱ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን የልኬቱን ቀን ያልጻፈ ቀያሽ ግማሹን መረጃ ጥሏል ማለት ነው።

በሌላ በኩል የአገራችን ካርታዎችና ብዙዎቹ የመሬት ሰነዶች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የቆየ የቦታ ማመሳከሪያ ነው። ይህ ማመሳከሪያ ክላርክ 1880 በተባለ ኤሊፕሶይድ (የምድር ቅርጽ ሞዴል) ላይ የቆመ ሲሆን፣ መነሻ ነጥቡ ዛሬ በናስር ሐይቅ ውሃ ሥር ይገኛል። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተጀመረው የአባይ ተፋሰስ ቅየሳ ጋር ነው፤ እሱም ራሱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ ትብብር ነበር። ዩቲኤም በተባለው በሜትር የሚቆጠር የካርታ ግሪድ ላይ በአዲንዳንና በኦስፖስ ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከ200 ሜትር ይበልጣል። በሶፍትዌሮች ውስጥ ለኢትዮጵያ የተሰጡት −165፣ −11 እና 206 ሜትር ማስተላለፊያ ቁጥሮች (ከአዲንዳን ወደ ዓለም አቀፉ ማዕቀፍ የሚለውጡት) ደግሞ እያንዳንዳቸው የጥቂት ሜትሮች ጥርጣሬ ያላቸው ናቸው። በሴንቲ ሜትር የመጣውን ውጤት በእነዚህ ቁጥሮች የለወጠ ሰው ትክክለኛነቱን ወደ ሜትር ያወርደዋል። መፍትሔው ቢያንስ ሦስት የሚታወቁ የአዲንዳን ነጥቦችን በዚያው ቀን መለካትና የአካባቢውን ማስተላለፊያ ራስ ማውጣት ነው። ኦስፖስ ይህን አይሠራም፤ እንዲሠራም አይጠበቅበትም፤ የሚመለከተው የአገር ውስጥ ተቋማትን ነው።

ስለ ከፍታ አጭር ማሳሰቢያ ልጨምር። ሪፖርቱ ከባሕር ወለል በላይ ብሎ የሚሰጠው ቁጥር ኢጂኤም2008 በተባለ የጂኦይድ (የባሕር ወለል ከየብስ በታች ቢቀጥል የሚይዘው ቅርጽ) ሞዴል የተሰላ ነው። በአካባቢው ካለ የሌቭሊንግ ቤንች ማርክ (ከፍታው ተለክቶ የተመዘገበ ምልክት) ጋር አሥርት ሴንቲ ሜትሮች ሊለያይ ይችላል። ለካርታ ሥራ ይህ ችግር የለውም፤ በ1 ኪሎ ሜትር 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ለሚወርድ የመስኖ ቦይ ግን ከነባር ቤንች ማርክ ጋር በሌቨል መገናኘቱ ግድ ነው።

አማራጭ ለሚፈልግ የካናዳ መንግሥት ነፃ አገልግሎት አለ። መለያ መክፈት ይጠይቃል፤ ስሌቱ ግን በአቅራቢያ ባሉ ጣቢያዎች ላይ ስለማይመሠረት ከአራት ኪሎው ጣቢያ ለራቁ ቦታዎች ይስማማል። አንዱን ፋይል ለሁለቱም ልኮ ማነጻጸር ጥሩ ልማድ ነው። ስምምነታቸው ግን የአንቴና ቁመት ስሕተትን አያጋልጥም፤ ሁለቱም የሚቀበሉት ቀያሹ የሞላውን ቁጥር ነውና።

በአጠቃቀም ረገድ ኦስፖስን ለኮንትሮል ፖይንት ሥራ ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ለይዞታ ድንበር በቀጥታ ለመጠቀም ግን አልመክርም። በችኮላ የወጣውን ውጤት ለሜዳ ሥራ መጀመሪያ ተጠቅሞ፣ የመጨረሻው ምሕዋር ሲወጣ ማለትም ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ያንኑ ፋይል እንደገና መላክ ተገቢ ነው። ራይኔክሱን፣ የአንቴናውን ዓይነትና ቁመቱ የተለካበትን የሜዳ ማስታወሻ ከፕሮጀክቱ ሰነድ ጋር አብሮ ማስረከብ በውል ውስጥ ቢገባ፣ አዲስ ማዕቀፍ በወጣ ቁጥር ሜዳ መውጣት ሳያስፈልግ ነጥቡን ዳግመኛ ማስላት ይቻላል።