ተከላካይ ጠበቃ ወይስ የግል ጠበቃ? ጎንደር ውስጥ ሰው ለታሰረበት ቤተሰብ

ሰው ሲታሰር ዘመድ ተሰብስቦ መጀመሪያ የሚለው «በሬውም ይሸጥ፣ ጠበቃ ይቁምለት» ነው። ከደምቢያም ከወገራም መጥተው ጎንደር ፍርድ ቤት ደጅ የሚጠኑ ሰዎች ይህን ጭንቀት ያውቁታል። በሬው ገበያ ከመውጣቱ በፊት ግን ጉዳዩ የት እንደደረሰ ይጣራ።

ጉዳዩ ገና ፖሊስ ጣቢያ ከሆነ የግል ጠበቃ ይበልጣል፤ በዚህ አልጠራጠርም። መንግሥት በነፃ የሚያቆመው ተከላካይ ጠበቃ በአብዛኛው የሚመጣው ክስ ከተመሠረተ በኋላ፣ ዳኛው «ጠበቃ ማቆም ትችላለህ?» ብለው ተከሳሹ «አቅም የለኝም» ሲል ነው። ነገር የሚበላሸው ደግሞ ከዚያ በፊት ነው። የተያዘ ሰው የመንገዱ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ፖሊስ ምርመራዬን አልጨረስኩም ካለ፣ በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት በአንድ ቀጠሮ እስከ 14 ቀን ሊፈቀድለት ይችላል። ደንግጦ ቃል መስጠት፣ ያላነበቡት ወረቀት ላይ መፈረም የሚመጣው በእነዚህ ቀናት ነው። ያለመናገር መብት እንዳለው የሚነግረው፣ ቀጠሮውን የሚቃወምለት፣ ዋስትና የሚጠይቅለት ሰው የሚያስፈልገውም ያኔ ነው። ገንዘብ ካለ እዚህ ላይ ይውጣ።

ክስ ከተከፈተ ወዲያ ሚዛኑ ይለወጣል። የተከላካይ ጠበቃ ውሎ ወንጀል ችሎት ነው፤ የዐቃቤ ሕግ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ የት ላይ እንደሚላላ ከልምድ ያውቃል። ከግል ጠበቆች ግን ብዙዎቹ የሚተዳደሩት በመሬት፣ በውርስና በፍቺ ክርክር ነው። የግድያ ክስ ይዞ እንዲህ ያለ ጠበቃ ጋ ከመሄድ ተከላካይ ጠበቃውን እመርጣለሁ። ጉድለቱ ጊዜ ማጣቱ ነው፤ መዝገብ ስለሚበዛበት ተከሳሹን ችሎት በር ላይ፣ ምስክር ሊሰማ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው የሚያገኝበት ጊዜ አለ። ይህን ጉድለት ለማቃለል ቤተሰቡ ጠበቃውን ሊያግዝ ይችላል። ማረሚያ ቤት ሄዳችሁ የሆነውን ከራሱ አፍ ስሙ። መከላከያ ምስክሮቹ እነማን እንደሆኑ፣ የት እንደሚገኙ፣ እያንዳንዳቸው ምን እንዳዩ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ለጠበቃው ቀድማችሁ ስጡት።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ሁለቱንም መብት ይሰጣል፦ በመረጡት ጠበቃ መወከልን፣ አቅም ለሌለውና ጠበቃ በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ደግሞ በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ማግኘትን። ልዩነቱ፣ የግሉን እናንተ ትመርጣላችሁ፣ ካልተስማማችሁም ታሰናብታላችሁ፤ የመንግሥቱ ይመደባል። ምክር ወይም ማመልከቻ የሚጽፍ ብቻ ለሚፈልግ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነፃ የሕግ ድጋፍም አለ።

ከሁሉ የከፋው ገንዘብ መሐል መንገድ ላይ ማለቁ ነው። ዐቃቤ ሕግ ምስክሮቹን አሰምቶ ዳኛው «ይከላከል» (ተከሳሹ መከላከያውን ያቅርብ) ብለው ብይን ሲሰጡ ጠበቃው ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃል፤ ቤተሰቡ ዘንድ ሳንቲም የለም። የበሬው ዋጋ እስከ ፍርዱ የማያደርስ ከሆነ፣ ክሱ እንደተከፈተ ተከላካይ ጠበቃ ይጠየቅ።

የግል ጠበቃ ለመያዝ ከወሰናችሁ ፈቃዱን እዩ፣ ከዚህ በፊት የትኞቹን የወንጀል ጉዳዮች እንደያዘ ጠይቁ። «ዳኛውን አውቃቸዋለሁ» የሚላችሁን ትታችሁ ውጡ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው መከላከያ ምስክር ማሰማትን፣ የቅጣት አስተያየትንና ይግባኝን ይጨምር እንደሆነ ከመፈረማችሁ በፊት ይጻፍ።