ዲስኩ እንደ መስታወት ቢያበራም አትመኑት

ባለፈው ገና ለእህቴ ልጅ አራት ያገለገሉ የጌም ዲስኮች ይዤለት አዲስ አበባ ገባሁ። ሁለቱ ሠሩ። አንዱ ግማሹን ብቻ ሰጠ። አንዱ ከናካቴው እምቢ አለ። አራቱም ግን ስገዛቸው ጭረት እንኳ አልነበረባቸውም። ይህን የምጽፈው ከውጭ ለዘመድ ልጅ ዲስክ በሻንጣ የምትይዙ ብዙ ስለሆናችሁ ነው። እኔ እንደተሸወድኩት እንዳትሸወዱ።

የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ዲስክ ግን እንግዳዬ አይደለም። ከአገር ከመውጣቴ በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ሠርግ የሚቀርጽ ቪዲዮ ቤት ተቀጥሬ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ማባዛት ነበር። የሙሽሪት ቤት አሥር ኮፒ ያዝዛል፣ የሙሽራው ቤት አሥር፣ ሚዜዎቹም አይቀሩም። ቀኑን ሙሉ ሲዲና ዲቪዲ “በርን” ሳደርግ፣ ማለትም ባዶ ዲስክ ላይ በሌዘር ስጽፍ እውላለሁ። እዚያ የተማርኩት አንድ ነገር አለ። በርን የሚደረግ ሲዲ ታሪኩን በጀርባው ይዞ ይዞራል። ገልበጥ አድርጋችሁ በመብራት ሥር ዘንበል አድርጉት። ባዶ ከሆነ ገጹ ከዳር እስከ ዳር አንድ ቀለም ነው። ከተጻፈበት ግን ከመሐሉ ቀዳዳ ጀምሮ ወደ ውጭ የሄደ ሰፊ ቀለበት ታያላችሁ፤ መልኩ ከቀሪው ይለያል። ሌዘሩ ውስጡ ያለውን ቀለም ስላቃጠለው ነው። ቀለበቱ የት ጋ እንዳቆመ አይታችሁ ምን ያህል እንደተጻፈበት መገመት ትችላላችሁ። “አዲስ ባዶ ሲዲ” ብሎ የተጻፈበትን የሚቀላቅል ነጋዴ የምንይዘው በዚህ ነበር። እሽጉ ሲመጣ አንድ በአንድ እናዘነብላለን። ቀለበት ያለበት ይመለሳል።

እና ያገለገለ ጌም የሚሸጥ ሱቅ ስገባም ያንኑ አደረግኩ። አዘነበልኩ፣ አየሁ፣ በጣቴ ጫፍ ዳበስኩ። አራቱም ንጹሕ ናቸው። 35 ዶላር ከፍዬ ወጣሁ።

አዲስ አበባ እህቴ ቡና እያፈላች ልጁ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ዲስክ ላፕቶፑ ውስጥ ከተተ። ዲስኩ ዞረ፣ ተነበበ፣ ከዚያ ኮድ ጠየቀ። ኮዱ ሳጥኑ ውስጥ ባለ ወረቀት ላይ ታትሟል። እሱ ይተይባል፣ እኔ ፊደል በፊደል አነብለታለሁ። “ይህ ኮድ በሌላ አካውንት ተመዝግቧል” አለ። “ጋሼ፣ ኦ እና ዜሮን አሳስቼ ይሆናል” ብሎ እንደገና ጻፈ። ሦስት ጊዜ ሞከረ። ሦስተኛው ላይ እሱም ገባው። ዲስኩን ቀስ ብሎ አውጥቶ ወደ ሳጥኑ መለሰው። ያን ቀን የተሰማኝን ኀፍረት እስካሁን አልረሳሁትም።

ሁለተኛው የፕሌይስቴሽን ዲስክ ነው። ተከፈተ። ነገር ግን ሳጥኑ ጀርባ ላይ በሥዕል ከተዘረዘረው ውስጥ ግማሹ የሚገኘው በኮድ ነው፤ ኮዱ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። እንደ ሞባይል ካርድ የሚፋቀው ግራጫ ቦታ ተፍቋል። ሱቁ ውስጥ ሳጥኑን ከፍቼ ዲስኩን ብቻ አውጥቼ ነበር ያየሁት። ወረቀቱን ማን ያያል?

ነገሩ እንዲህ ነው። የጌም ዲስክ በርን አይደረግም። ፋብሪካ ውስጥ እንደ ማኅተም ተጭኖ ይወጣል። የቤታችሁ ማሽን ሌዘር ደካማ ነው፣ ያነባል እንጂ ምንም አይጽፍበትም። ስለዚህ አንድ ጊዜም ይሁን ሺህ ጊዜ ብትጫወቱበት ቀለበት አይታይበትም። “ተጠቅመውበታል” የሚለው ምልክት ያለው ዲስኩ ላይ ሳይሆን ሩቅ አገር ባለ የኩባንያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ያንን በመብራት ሥር አዘንብላችሁ አታዩትም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በአንዳንድ ዲስኮች ከመሐሉ ቀዳዳ አጠገብ እንደ ሱቅ ባርኮድ ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ታያላችሁ። እንዳትደነግጡ። ፋብሪካው ራሱ በኃይለኛ ሌዘር የሚያቃጥላቸው ናቸው። የሰው እጅ የነካው መሆኑን አያሳዩም።

ግን እነዚያ መስመሮችም ገዢን ለማሰር ውለው ያውቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሰርኪት ሲቲ የተባለው የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ዲቪክስ የሚባል ዲስክ አወጣ። ዋጋው 4 ዶላር ተኩል አካባቢ ነበር። እያንዳንዱ ዲስክ የራሱ ቁጥር በሌዘር ተቃጥሎበታል። ፊልሙን ማየት ከጀመራችሁ 48 ሰዓት ብቻ አላችሁ። ከዚያ በኋላ ዲስኩ እጃችሁ ላይ እያለ እንደገና ትከፍላላችሁ። ማጫወቻው በስልክ መስመር እየደወለ የታየውን ለኩባንያው ይነግራል። ሰው አልወደደውም። በ1999 ሽያጩ ቆመ፣ በ2001 አገልግሎቱ ጭራሹን ተዘጋ። ከዚያ በኋላ እነዚያ ዲስኮች አይከፈቱም። ገንዘብ የተከፈለበት፣ ጭረት የሌለበት ዲስክ በአንድ ቀን ቆሻሻ ሆነ ማለት ነው።

ሐሳቡ ግን አልሞተም። ዲስኩን መጀመሪያ የከፈተው ማሽን ምልክት ያድርግበት፣ ሌላ ማሽን ያንን አይቶ እምቢ ይበል የሚል ውጥን ደጋግሞ ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2013 ይፋ የሆነ የሶኒ የፓተንት ማመልከቻ ከዲስኩ ጋር በሚሄድ ትንሽ ቺፕ ይህንኑ የሚያደርግ ነበር። ሶኒ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ግን አልተጠቀመበትም። በዚያው ዓመት ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ጨዋታው ከአካውንት ጋር ይታሰር፣ ማሽኑም በየ24 ሰዓቱ ኢንተርኔት ይግባ ብሎ ነበር። ለጓደኛ መስጠት የሚቻለው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም ጓደኛ ሆኖ ከተመዘገበ 30 ቀን ለሞላው ሰው። ገዢው ጮኸ። ጁን 19፣ 2013 ኩባንያው ውሳኔውን ሻረ። ይህን የማነሣው ገዢ ሲጮኽ እንደሚሰማ ለማሳየት ነው። የኮምፒውተር ጌም የሚገዙ ሰዎች ግን ያን ዕድል አላገኙም። በ2004 የወጣው ሃፍ-ላይፍ 2 የተባለው ጌም በዲስክ ቢሸጥም ስቲም በሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ላይ ካልተመዘገበ አይከፈትም ነበር። አንዴ ከተመዘገበ ዲስኩ ለሁለተኛ ሰው ምንም አያደርግለትም። ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ጌም አብዛኛው በዚሁ መንገድ ሄደ።

የአሜሪካ ሕግ የገዛችሁትን ዲስክ መልሳችሁ እንድትሸጡ ይፈቅዳል። ከ1908ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ የታወቀ መብት ነው። ሻጩም የተደገፈው በዚህ ነው። “ዲስክ ሸጥኩላችሁ፣ ዲስክ ወሰዳችሁ” አለኝ ስመለስ። የመመለሻው ቀንም አልፎ ነበር። እኔን የሚያናድደኝ ሕጉ አይደለም። ኮዱ መሞቱን እያወቀ፣ ወይም ሊያውቅ ሲገባው፣ ሙሉ ጨዋታ አስመስሎ ሳጥኑን መደርደሩ ነው።

ስለዚህ ያገለገለ የኮምፒውተር ጌም በዲስክ አትግዙ። በዚህ ላይ “ምናልባት” አልልም። ለፕሌይስቴሽንና ለኤክስቦክስ ያገለገለ ዲስክ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ግን ሳጥኑን ከፍታችሁ ወረቀቱን አውጡ። የተፋቀ ነገር ካለ ያ ክፍል ሞቷል። የሳጥኑን ጀርባ ታች ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብቡ። “አካውንት ያስፈልጋል”፣ “አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ኮድ” የሚለው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ውስጡ ዲስክ ሳይኖር ኮድ ብቻ ያለበት ሳጥንም አለ። አዲሱን ልትገዙት ትችላላችሁ፣ ያገለገለውን ግን በፍጹም።

ለአገር ቤት የምትልኩ ከሆነ ሌላም አለ። ኮዱ ያልተፋቀ ቢሆን እንኳ አሜሪካ የተሸጠ ኮድ በሌላ አገር አካውንት ላይ ላይሠራ ይችላል። በ2025 በወጣው ኔንቴንዶ ስዊች 2 ላይ ደግሞ አንዳንዱ ካርድ ጨዋታውን አልያዘም። ቁልፍ ብቻ ነው። መልሶ መሸጥ ይቻላል፣ ነገር ግን ጨዋታው በሙሉ ከኢንተርኔት መውረድ አለበት። አዲስ አበባ በሞባይል ዳታ ብዙ አሥር ጊጋባይት የሚያወርድ ልጅ ስንት ብር እንደሚፈጅበት እናቱን ጠይቋት። ሳጥኑ ፊት ላይ ከታች ተጽፎበታል፤ ፈልጋችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ለልጁ ምትክ ገዛሁ። ከሌላ ሱቅ ነው። ከመክፈሌ በፊት ሻጩን እዚያው ማሽን ላይ እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ኢንተርኔቱንም እንዲያጠፋው ነገርኩት። ጊዜ ወሰደ፣ ከኋላዬ ሰው ተሰልፎ ነበር፣ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ዲስኩ ዞረ፣ ተነበበ፣ ጨዋታው ተጀመረ። ኮድ አልጠየቀም።