ቡችላችሁን "አሰልጥኜ እመልሳለሁ" ለሚል ሰው እንዳትሰጡ፣ የጅማ ሰዎች ተጠንቀቁ!!

ሰላም የጅማ ልጆች፣ ቡችላ ያላችሁም ልትገዙ ያሰባችሁም ይሄን ሳታነቡ እንዳታልፉ። ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ "ቡችላችሁን አምጡልኝ፣ በ3 ሳምንት ቤት ውስጥ የማይሸና፣ የማይናከስ፣ ሌባ የሚይዝ ውሻ አድርጌ እመልሳለሁ" እያለ ሚለጥፍ ሰው አለ። 8 ሺህ ብር ነው ሚጠይቀው፣ ሙሉውን ቀድማችሁ በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ደረሰኝ የለም ውል የለም፣ ከዛ ደሞ "ባለቤቱን ካየ ትምህርቱን ይረሳል" ብሎ እስኪመልሰው ድረስ መጥታችሁ እንዳታዩት ይከለክላችኋል። እዚጋ ቁሙ። ባለቤቱን ሲያይ ሚጠፋ ትምህርት፣ ውሻው ወደ ቤቱ ሲመለስ ምን ሊሆን ነው? ውሻው ሚኖረው ከናንተ ጋር ነው፣ መስማት ያለበትም የናንተን ድምፅ ነው።

የአክስቴን ቡችላ ቦቢን ሲወስደው ገና 10 ሳምንት አካባቢ ነበር። ጥፋቱ ምን መሰላችሁ፣ የልጆቹን ካልሲ ይጎትታል፣ ሳሎን ምንጣፍ ላይ ይሸናል፣ ማታ ያላዝናል፣ በቃ። ሲመልሰው በር ላይ ከባጃጅ አውርዶ "ቁጭ!" አለው፣ ቁጭ አለ፣ አክስቴ ደስታዋን አልቻለችውም። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ግን ልጅቷ ግቢ ልትጠርግ መጥረጊያ ስታነሳ ቦቢ መሬት ላይ ልጥፍ ብሎ እዛው ሽንቱን ለቀቀው። አንገቱ ላይ ያለውን ፀጉር ገለጥ ሳደርገው ዙሪያውን ቆዳው ተልጧል፣ በቀጭን ሽቦ ነው ታስሮ የነበረው፣ በአንዱ በኩል መግል ይዟል። ስንደውልለት "ውሻ ካልፈራ አይማርም" ብሎ ዘጋብን፣ ቀጥሎ ብሎክ አደረገን፣ ብሩም እዛው ቀረ።

ከብሩ በላይ ሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ቦቢ ድሮ ሚነክሰው ለጨዋታ ነበር፣ አሁን እጅ ወደ አንገቱ ሲመጣ በፍርሃት ነው ሚነክሰው፣ ያውም ሳያጉረመርም። ውሻ ሲያጉረመርም "ተወኝ" ማለቱ ነው፣ ባጉረመረመ ቁጥር ከተመታ ማጉረምረሙን ይተዋል ፍርሃቱ ግን አይጠፋም፣ ስለዚ ቀጥታ ወደ መንከስ ይሄዳል። ህፃናት ያሉበት ቤት እንዲህ ያለ ውሻ "ሰልጥኗል" ተብሎ ሲገባ አስቡት።

ሰውዬው ለማሳመን ሚልካቸውን ቪዲዮዎች ድምፁን አጥፍታችሁ እዩዋቸው። ቡችላው ቁጭ ይላል አዎ፣ ግን ጅራቱ እግሩ መሀል ገብቷል፣ ጆሮው ወደ ኋላ ተለጥፏል፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል፣ ፊቱን ያዞራል። ይሄ ሁሉ የጭንቀት ምልክት ነው። ደስ ብሎት ሚማር ቡችላ ሰውነቱ ልል ነው፣ ከወገቡ ጀምሮ ይወዛወዛል፣ አይኑ እናንተ ላይ ነው።

ደሞ ጥፋት ተብሎ 8 ሺህ ብር ሚከፈልበት ነገር አብዛኛው የእድሜ ጉዳይ ነው ወገኖቼ። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፣ ከ3 እና 4 ወሩ ጀምሮ እየረገፈ በ6 እና 7 ወሩ አካባቢ በ42 ቋሚ ጥርስ ይተካል፣ በዛ ሰአት ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ያኝካል። ጫማችሁን አንሱ፣ ሚያኝከው ነገር ስጡት፣ እጃችሁን ሲነክስ ደሞ ጨዋታውን አቁማችሁ ዞር በሉ። መንከስ ጨዋታውን እንደሚያስቀርበት ሲገባው ይተዋል፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ግን አንድ አይነት ካላደረገ አይሰራም።

ሽንትም እንደዛው፣ የ2 ወር ቡችላ ቀን ላይ ከ2 እና 3 ሰአት በላይ መያዝ አይችልም። ከእንቅልፍ ሲነሳ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ ወደ አንድ ቦታ አውጡት፣ እዛ ሲሸና ወዲያው አሞግሱት፣ ቁራጭ ነገር ስጡት። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ቡችላ ደሞ እርጥብ ሳር ላይ መቆም አይወድም፣ ስለዚ ጣራ ያለው ደረቅ ጥግ አዘጋጁለት። ምንጣፉን በሳሙናና በአቼቶ እጠቡት፣ ሽታው ካለ ተመልሶ እዛው ይመጣል። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት ሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት፣ ሚማረው ከናንተ ተደብቆ ሶፋ ስር መሽናት ብቻ ነው። ማታ ሚያላዝነው ከእናቱና ከወንድሞቹ ስለተለየ ነው፣ በዛ ላይ የጅብ ድምፅ አለ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አልጋችሁ አጠገብ በካርቶን አስተኙት።

(ቁራጭ ስትሰጡ ሽንኩርት ያለበት ወጥ አይሆንም፣ ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው። ግቢ የተሰጣ ቡናም እንዳይበላ ጠብቁት።)

ሌላው ስለ ክትባት ነው። ሰውዬው የክትባት ካርድ አይጠይቅም፣ ከየሰፈሩ የመጡትን ቡችላዎች አንድ ክፍል ውስጥ ነው ሚያጉራቸው። ፓርቮ ሚባለው ገዳይ የተቅማጥ በሽታ በሰገራ ነው ሚተላለፈው፣ ቦታው ላይ ደሞ ለወራት ይቆያል። ክትባቱ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ተጀምሮ በየ3 እና 4 ሳምንቱ እስከ 16 ሳምንት ይደጋገማል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ደሞ ብዙ ጊዜ በ3 ወር ነው ሚሰጠው። ያልተከተበ ቡችላ እንደዛ ያለ ክፍል ማስገባት ህይወቱን አሳልፎ መስጠት ነው።

በሙያው ሚሰራ አሰልጣኝ የለም እያልኩ አይደለም። ደህናው እናንተ ቆማችሁ እያያችሁ ነው ሚሰራው፣ እንደውም እናንተኑ ነው ሚያሰለጥነው፣ በየቀጠሮው ይከፈለዋል፣ ካርድ ይጠይቃል፣ ቡችላው ሲሳሳት ምን እንደሚያደርገው ስትጠይቁት በግልፅ ይነግራችኋል።

አሁን ቡችላችሁ እሱ ጋር ያለ ካላችሁ ቀኑ እስኪሞላ አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሰው ይዛችሁ ሂዱና አምጡት፣ ብር የላካችሁበትን ሜሴጅም እንዳታጠፉ። ቤት ስታስገቡት ለብቻው ፀጥ ያለ ቦታ አድርጉት፣ ልጆቹ እንዳይከቡት፣ ከዛ ሀኪም ጋር ውሰዱት። ሰው ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡትና የተነከሰውን ሰው በዛው ቀን ጤና ጣቢያ አድርሱት፣ "ቡችላ ነው ምን ያመጣል" እንዳትሉ።