ፒችትሪ በታብሌት፦ ሰርፌስ፣ ዴል ወይስ አንድሮይድ?

ድሬዳዋ ላይ ሂሳብ የሚሠራ ጓደኛ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ማምለጥ አይችልም። «ፒችትሪ (ሂሳብ የሚመዘገብበት የዊንዶውስ ፕሮግራም) የሚሠራበት ታብሌት የትኛው ነው?» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። ጠዋት ሳቢያን፣ ከሰዓት ቀፊራ፣ በዚያ ሙቀት ከባድ ላፕቶፕ አንጠልጥሎ በባጃጅ መዞር ያሰለቻል።

መልሴን ላስቀድም፦ ያገለገለ ዴል ላቲቲዩድ 5290 ግዙ። ኪቦርዱ ተነቅሎ ታብሌት የሚሆነውን፣ «ቱ ኢን ዋን» የሚሉትን ማለቴ ነው። በዚሁ ቁጥር ተራ ላፕቶፕም ስላለ እንዳትቀያየሩ።

ወደ ገንዘቡ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ዛሬ የሰማችሁት የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ነገ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የምጠራቸውን ቁጥሮች ለመከራከሪያ ብቻ ያዙ። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ስዞር ሰርፌስ ፕሮ 5፣ የማይክሮሶፍቱ ታብሌት፣ በ42 ሺህ ተጠራልኝ። ዴሉ 38 ተብሎ 34 ላይ ወረደ። አንድሮይድ ታብሌት በ12 ሺህም ይገኛል።

ግን «42 ሺህ» ሲሏችሁ ምን ምን ጨምሮ ነው? የሰርፌሱ ዋጋ ኪቦርድ የለበትም፤ 6 ሺህ ጨምሩ። ቻርጀሩም በማግኔት የሚለጠፍ የራሱ ዓይነት ነው፤ ፕሮ 5 በታይፕ ሲ አይሞላም፣ ቀዳዳውም የለውም። ደህና ቻርጀር 3 ሺህ ተኩል አሉኝ፤ ፎርጂዱ ግማሽ ዋጋ ነው፣ አይታችሁ እለፉት። በጠቅላላው 51 ሺህ ተኩል ገባ። ዴሉ ከነኪቦርዱ ነበር። ቻርጀሩ ቢጠፋ ደህና የላፕቶፕ ታይፕ ሲ ቻርጀር ይሠራለታል፤ ተውሳችሁም ታድራላችሁ። ልዩነቱ 17 ሺህ ተኩል ነው። በዚያ ብር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ) ግዙበት።

ሰርፌስ ያምራል፣ አልክድም። ስክሪኑም ከዴሉ ይጠራል። ችግሩ ፒችትሪ አሮጌ መሆኑ ነው። 2736 በ1824 ነጥብ ባለው ስክሪን ላይ ቁልፎቹ እንደ ጤፍ ይደቃሉ፤ በጣት «ሴቭ» ልትሉ «ክሎዝ» ትነካላችሁ። የፕሮግራሙን አይከን በቀኝ ተጭናችሁ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ኮምፓቲቢሊቲ ገብታችሁ የዲፒአይ ማስተካከያውን ወደ «ሲስተም ኢንሃንስድ» ስትቀይሩት ይተልቃል፣ ጽሑፉ ግን ትንሽ ይደበዝዛል። ዴሉ 1920 በ1280 ስለሆነ ብዙም አያስቸግርም። ያም ሆኖ ቫውቸር በብዛት የምታስገቡ ከሆነ ትንሽ ማውስ ያዙ። በጣት ፒችትሪ መሥራት ለፎቶ ነው።

የጥገናው ነገር ደግሞ ይብሳል። የሰርፌስ ፕሮ 5 ስክሪን በሙጫ የተጣበቀ ነው። ለመክፈት በሙቀት ማላላት ያስፈልጋል፤ ጠጋኙ ትንሽ ከቸኮለ መስታወቱ ይሰነጠቃል። አይፊክስኢት የሚባሉት ዕቃ እየፈቱ ነጥብ የሚሰጡት ሰዎች ለዚህ ሞዴል ከ10 የሰጡት 1 ነው። ፋይሉ የሚቀመጥበት ኤስኤስዲውም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ቦርዱ ሲሞት የደንበኛው ሂሳብ አብሮ ይሄዳል። በዴሉ ግን ስክሪኑ በፕላስቲክ መንቀያ ይነሳል፤ ኤስኤስዲው በብሎን የታሰረ ነው፤ ይወጣና ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይነበባል። ፕሮ 6ም ያው ሙጫ፣ ያው የተበየደ ኤስኤስዲ ነው።

ባትሪን በተመለከተ ሁለቱንም አትመኑ። ያገለገለ ዕቃ በድሬ የግንቦት ሙቀት ሲውል ባትሪው ሊያብጥ ይችላል። ሱቅ ውስጥ ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስተኙት። ከተወዛወዘ፣ ወይም የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ መልሱት።

ሌላም አለ። ፕሮ 5 ሰባተኛ ትውልድ ኢንቴል ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም፤ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። 5290 ስምንተኛ ትውልድ ከሆነ ያልፋል።

«ሰርፌስ» የሚለውን ስም ብቻ አይቶ መግዛት አደገኛ ነው። የአንድ ወዳጄ ወንድም ከአንድ ሱቅ በ15 ሺህ ገዝቶ መጣ። ፒችትሪ እምቢ፣ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም እምቢ። ሲታይ በፈረንጆች የ2012ቱ ሰርፌስ አርቲ ነው። ዕቃው ፎርጂድ አይደለም፤ ፕሮሰሰሩ ኤአርኤም የሚባል ከኢንቴል የተለየ ዓይነት ስለሆነ አብሮት ከመጣው ኦፊስና ከስቶሩ አፖች ውጭ የተለመደ የዊንዶውስ ፕሮግራም አይጫንበትም። ሻጩ «አቦ፣ ሰርፌስ ሰርፌስ ነው!» ብሎ ሸኘው። ከመክፈላችሁ በፊት ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ አባውት ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ስም አንብቡ። 2 ጊጋ ራምና 32 ጊጋ ማከማቻ ያላቸው አቶም የሚባል ደካማ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለባቸው ርካሽ ታብሌቶችም አሉ፤ ዊንዶውሱ ራሱ ይጠባቸዋል፣ በነፃም አይወሰዱ።

አንድሮይድስ? ፒችትሪ እዚያ ላይ አይጫንም። ዊንሌተር የሚባል የዊንዶውስ ፕሮግራም የሚያስኬድ አፕ አለ፤ ለትናንሽና ለአሮጌ ፕሮግራሞች ይሞከራል። ፒችትሪ ግን ከጀርባው ፐርቫሲቭ የሚባል ዳታቤዝ ይዞ ነው የሚሠራው፤ የሰው ሂሳብ እዚያ ላይ አላስቀምጥም። ያለው መንገድ የቢሮውን ኮምፒውተር በኤኒዴስክ ወይም በክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ከሩቅ ማየት ነው። አይፓድም ያው ነው። ኔት ቢቋረጥ ቢሮ ያለው ሥራ ባለበት ይቆያል። ቢሮ መብራት ከሄደና ዩፒኤስ ከሌለ ግን እናንተ ሳቢያን፣ ፋይሉ ከዚራ ቢሮ፣ ተለያያችሁ ማለት ነው። ሪፖርት ብቻ ለሚያይ ሥራ አስኪያጅ የ12 ሺሁ ይበቃዋል፤ 34 ሺህ አያውጣ።

የ12 ሺሁን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ «16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ» የሚለውን አትመኑ። ሴቲንጉም እንዲዋሽ ይደረጋል። ትልልቅ ቪዲዮ ጭናችሁ ሙሉትና መጨረሻ የገባውን ክፈቱት፤ ካልተከፈተ ማከማቻው ውሸት ነው።

ወደ ዴሉ ልመለስና አንድ ነገር፦ እነዚህ ብዙዎቹ የውጭ ድርጅቶች ተጠቅመው የጣሏቸው ናቸው። ሲነሳ ኤፍ 2 ተጫኑ፤ የባዮስ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተዉት። ከዚያ ዊንዶውሱን እናንተ ፊት «ሪሴት» ያድርግላችሁና በስልካችሁ ሆትስፖት ኔት ስጡት። የማታውቁት ድርጅት ስም መጥቶ የሠራተኛ አካውንት ከጠየቀ ዕቃው አሁንም የእነሱ መዝገብ ላይ ነው። ሻጩ «ሪሴት ሰዓት ይፈጃል» ካለ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።