ለእማዬ ዘፈን ለሠራልን ልጅ

ይህን ልጅ በአደባባይ ሳላመሰግነው ብቀር ይቆጨኛል።

እማዬ ባለፈው ወር 70 ዓመት ሞላት። ከደሴ አዲስ አበባ አመጣናትና፣ ከጂዳዋ እህቴና ከወንድሞቼ ጋር አዋጥተን ዘፈን አሠራንላት። መጀመሪያ ሌላ ስቱዲዮ ሞክረን ነበር። የተዘጋጀ ዜማ አላቸው፣ ስሟን ይከቱበታል፣ አለቀ። የማንንም እናት ስም ብትከቱበት ያስኬዳል። ተውነው።

ከዚያ አንዲት ጓደኛዬ ወደዚህ ልጅ መራችኝ። ግጥሙንም፣ ዜማውንም፣ ቅንብሩንም ራሱ ነው የሚሠራው። ቀብድ እንኳ ሳይቀበል ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ እማዬ ጠየቀኝ። እኔ ሁሉን ጽፌ ነበር የሄድኩት፤ መከራዋን፣ 5 ልጅ ብቻዋን ማሳደጓን፣ የአባዬን ሞት። አንብቦ ሲጨርስ «እህቴ፣ እናታችሁ እዚህ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልሳቁም» አለኝ። ደነገጥኩ። እማዬ እኮ ሳቂታ ናት!

ቀጥሎ «ከአባታችሁ ልብስ ወይ ዕቃ እስካሁን ከቤት ያልወጣ ምን አለ?» አለኝ። ኮቱ አልኩት። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው። እማዬ በየፋሲካው አውርዳ ታራግፈውና መልሳ ትሰቅለዋለች። ስለ አባዬ የጻፍኩትን ሁሉ አውጥቶ ይቺን ብቻ አስቀረ።

ዘፈኑ የሚጀምረው በማሲንቆ ብቻ ነው፣ በትዝታ ማይነር፣ ሆድ በሚያባባው ቅኝት። ጎህ ሲቀድ የሙቀጫዋ ድምፅ፣ እንዝርቷ፣ ከዚያ ኮቱ። ከኮቱ በኋላ ዘፋኙ ዝም ይላል፤ ማሲንቆው ብቻውን ይሄዳል። ዴሞውን በቴሌግራም ልኮልኝ ስሰማው «እዚህ ጋ ባዶ ሆነ፣ ግጥም ጨምርበት» ብዬው ነበር። እምቢ አለኝ። «እሳቸው እዚያ ጋ አባታችሁን ያስባሉ። አንረብሻቸው።»

ከዚያ ከበሮው ይገባል፣ በችክችካ፣ በጭፈራው ምት። ቅኝቱም ወደ ትዝታ ሜጀር ይዞራል። በክራር አሳይቶኛል፤ ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱን በግማሽ ድምፅ ከፍ ማድረግ ብቻ ነው። ግን ደመና የተገፈፈ ያህል ነው የሚሰማው። የእማዬ ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጠራው እዚያ ላይ ነው። የእኛ የልጆቿ ስም አንድ በአንድ ይከተላል።

በልደቷ ቀን ኮቱ ጋ ሲደርስ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ቤቱ ጸጥ አለ። ከበሮው ገብቶ ስሟ ሲጠራ «ውይ፣ እኔን!» ብላ ሳቀች። እንባዋ ሳይደርቅ ትከሻዋ ተንቀሳቀሰ። እህቴ በቪዲዮ ከጂዳ እያየች እልልታውን አቀለጠችው።

በ3 ሳምንት ነው ያስረከበን። ሁለቴ አስተካክሎልናል፣ ተጨማሪ ብር ሳይጠይቅ። ለሰርግም ለልደትም የምትፈልጉ ቀደም ብላችሁ ያዙት፤ ጥድፊያ አይወድም። ስልኩን በውስጥ መስመር እሰጣችኋለሁ።

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እማዬ ደሴ ተመልሳ ጎረቤቱን ሁሉ እያሰማች ነው። ቡና ሳላጠጣው አልሞትም ብላሃለች። በዚያ ያለፍክ ቀን ጎራ በል።